በሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ውስጥ

የዲስኬትን የብረት መዝጊያ በአውራ ጣት ገፍቶ መልቀቅ፣ ቀጭ ብላ ስትመለስ መስማት፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና መግፋት፤ በ1990ዎቹ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ተራውን ሲጠብቅ ይህን ያላደረገ ሰው ያለ አይመስለኝም። አሠልጣኙ ይቆጣል። «ተዋት፣ ትበላሻለች!» ይላል። ውስጧ ላለው ፊልም ማሰቡ ልክ ነበር፤ ለመዝጊያዋ ግን መጨነቅ አልነበረበትም። እሷ በየቀኑ እየተከፈተችና እየተዘጋች ዓመታት እንድትቆይ ታስባ የተሠራች ናት።

ስለ ፍሎፒ ዲስክ ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይይዛል። ወይ በአቅሟ ማነስ መሳቅ ነው፣ ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶ እንኳ አይገባባትምና፤ ወይ ደግሞ ትዝታ ነው። እኔ ሁለቱንም ትቼ ስለ አሠራሯ ላውራ። ባለ 3.5 ኢንቿ ዲስኬት ዋጋዋ ርካሽ፣ ገላዋ ፕላስቲክ ስለሆነ ከጥሩ ሥራ ተርታ የሚቆጥራት የለም። አንዷን በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቆ ክፍሎቿን ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ሰው ግን ሐሳቡን ይለውጣል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጠኗ እንጀምር። 90 በ94 ሚሊ ሜትር ናት፤ ውፍረቷ 3.3 ሚሊ ሜትር። ሲያዩዋት አራቱም ጎኗ እኩል ይመስላል፣ አይደለም። ያቺ የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሥራ አላት፤ ዲስኬቷን በጎኗ ለማስገባት የሞከረ ሰው ድራይቩ አፍ ላይ ይቀራል። በጀርባዋ ገልብጦ ሊያስገባት ከሞከረ ደግሞ አንዷ ጥጓ በሰያፍ የተቆረጠችው ለዚህ ነውና ድራይቩ መንገድ ይዘጋበታል። እንዲህ ያለ ነገር ወደ ቀዳዳ የሚገፋባቸው አቅጣጫዎች ስምንት ናቸው፤ አራት በፊቷ፣ አራት በጀርባዋ። ከስምንቱ ሰባቱን ዘግተዋቸዋል። ላዩ ላይ ትንሽ ቀስት ቀርጸው ትክክለኛውን አቅጣጫ ማሳየታቸው ጭማሪ ነው፤ ቀስቷን ያላየም፣ በጨለማ የሚዳብስም አይሳሳትም። ከእሷ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው የዩኤስቢ መሰኪያ እንኳ ለእጅ ይህን ያህል አላሰበም።

መዝጊያዋ ከስስ ብረት የታጠፈች ናት፤ የዲስኬቷን ጠርዝ ከፊትም ከኋላም አቅፋ ትይዛለች። ዲስኬቷ ስትገባ ድራይቩ ውስጥ ያለች ትንሽ ዘንግ የመዝጊያዋን ጫፍ አግኝታ ወደ ጎን ትገፋታለች፣ ፊልሙ ይገለጣል። ስትወጣ አንዲት ሽቦ መልሳ ትዘጋታለች። ሽቦዋን አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት የመርፌ ቁልፍ ጥምዝ ነው የምትመስለው፤ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ የሶኒ ዲስኬቶች መዝጊያ በእጅ የሚከፈት ነበር። ባለቤቱ መክፈቱን ከረሳ ሥራው ይቆማል፤ መዝጋቱን ከረሳ አቧራ ይገባል። መሐንዲሶቹ ያንን ኃላፊነት ከሰው ላይ ወስደው ለሽቦዋ ሰጧት።

ይህ ሁሉ የአቧራ ፍርሃት የቆየ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ፣ የአይቢኤም መሐንዲሶች ብዙም የማያጓጓ ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ትልልቆቹ ማሽኖች ሲነሡ የሚያስፈልጋቸውን ውስጣዊ መመሪያ የሚጭን ርካሽ ነገር መፍጠር። ርካሽ ብቻ ሳይሆን በፖስታ ለደንበኛ የሚላክ። ሥራው አለን ሹጋርት ይመራው በነበረው ክፍል ለዴቪድ ኖብል ተሰጠ። በ1971 የወጣችው ባለ 8 ኢንች ዲስክ ደንበኛው የሚያነባት እንጂ የሚጽፍባት አልነበረችም፤ የምትይዘውም 80 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። ገና በሙከራ ላይ ሳለች ዲስኳ ሽፋን አልነበራትም። አቧራ ያርፍባታል፣ ንባቡ ይሳሳታል። መፍትሔው በባለቤትነት መብት መዝገብ ላይ በራልፍ ፍሎሬስና በኸርበርት ቶምፕሰን ስም የሰፈረው ሐሳብ ነበር፤ ዲስኳን ውስጡ በስስ ጨርቅ በተለበጠ ሽፋን ውስጥ መክተት። ሽፋኑ ይቆማል፣ ዲስኳ ውስጡ ትዞራለች፤ በዞረች ቁጥር ጨርቁ ይጠርጋታል። ንባቡ ራሱ ጽዳት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ፍሎፒዎች ሁሉ፣ ትልቅም ይሁኑ ትንሽ፣ ያንን ጨርቅ ይዘው ነው የመጡት።

በ3.5 ኢንቿ ውስጥ ጨርቁ ከላይም ከታችም አለ። የተሸመነ አይደለም፤ ክሩ ተፈትሎ ቢሆን ኖሮ ጭረት ያመጣ ነበር። ቃጫው በዘፈቀደ ተነባብሮ የተጋገረ፣ በጣት ሲዳሰስ ያለ የማይመስል ነጭ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንዲት ረቂቅ ነገር አለች፣ ብዙ ሰው ዲስኬት ሲሰብር እንኳ አያያትም። ከጨርቁ ሥር፣ ከፕላስቲኩ ወለል ላይ፣ ቀና ያለች አንዲት ምላስ አለች። ሥራዋ ጨርቁን በአንድ በኩል ብቻ ከፍ አድርጋ ወደ ፊልሙ ማስጠጋት ነው። ጨርቁ በሁሉም በኩል ፊልሙን ቢጫነው ሞተሩ ይደክማል፤ ጭራሽ ባይነካው አቧራው አይነሣም። ስለዚህ በአንድ መስመር ብቻ፣ ያውም እንደ ነገሩ በቀላሉ፣ ይነካካሉ። የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ የሚያውቅ፣ ኮምፒውተሩን በዳንቴል ሸፍኖ ያሳደረ ሰው፣ የዚያችን ምላስ ውለታ ከማንም በላይ ሊረዳ ይገባዋል።

በመሃል የመጣችውን ባለ 5.25 ኢንች በፍጥነት እንለፋት። ሹጋርት ከአይቢኤም ከወጣ በኋላ ያቋቋመው ኩባንያ በ1976 አወጣት፤ የግል ኮምፒውተርን ወደ ሰው ቤት ያስገባችው እሷ ናት፣ ክብሯን አልነፍጋትም። በሥራ ጥራት ግን ድሃ ነበረች። ሽፋኗ ይታጠፋል፣ ፊልሟ በመስኮቷ በኩል ተራቁቶ ይታያል፣ ጣት ያርፍበታል። ከሁሉ የከፋው መሃሏ ነበር። ድራይቩ ዲስኳን የሚይዘው ፊልሙ ራሱ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን ከላይና ከታች ጨብጦ ይይዘዋል። ስስ ፕላስቲክ ደግሞ ተጨብጦ ተጨብጦ ጠርዙ ይጎዳል። አምራቾቹም ያውቁታል፣ ስለዚህ ቀዳዳው ዙሪያ ማጠናከሪያ ቀለበት ይለጥፉ ነበር። ልጣፍ ነገሩን ያስታምመዋል እንጂ አያድነውም።

ሶኒ በ1981 ያመጣው መልስ፣ ለእኔ፣ የዲስኬቷ ታላቅ ሥራ ነው። ጀርባዋን ገልብጡና እዩ። መሃሏ ላይ ክብ ብረት አለ፤ እምብርቷ ልበለው። በብረቱ መሃል አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ ከእሱ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ። ክብ በሆነ ነገር ላይ ክብ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ለምን አራት ማዕዘን ሆነ? ክብ ዘንግ በክብ ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ ቀዳዳው የግድ ትንሽ መስፋት አለበት፤ ከሰፋ ደግሞ ይወላገዳል፣ ዛሬ በዚህ በኩል ነገ በዚያ በኩል ይጠጋል። እዚህ ግን እንዲህ ነው የሚሆነው። ድራይቩ ውስጥ ያለ ማግኔት እምብርቷን ወደ ታች ስቦ ያስቀምጣታል። ሞተሩ መዞር ሲጀምር አንዲት በስፕሪንግ የምትነሣ ችንካር ፈንጠር ያለውን ቀዳዳ ፈልጋ ትገባበታለች፤ ገብታም ትገፋለች። ስትገፋ የአራት ማዕዘኑ ሁለት ጎኖች ዘንጉ ላይ ይደገፋሉ። ክብ ነገር በማዕዘን ውስጥ ሲጠጋ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚነካው፣ ሁልጊዜም እነዚያኑ ሁለት ቦታዎች። ቀዳዳው በፀጉር ያህል ቢሰፋ ባይሰፋ ለውጥ የለውም። ያቺ ዲስኬት በገባች ቁጥር በዚያው ነጥብ ላይ ትቀመጣለች።

የዚህን ጥቅም ለማየት መስመሮቹን ማሰብ ነው። መረጃው የሚጻፍባቸው ክብ መስመሮች፣ ትራክ የሚባሉት፣ በአንድ ገጽ 80 ናቸው፤ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 0.19 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዲስኩ በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ከመሃሉ ቢያፈነግጥ መስመሩ ከአንባቢው ሥር መወዛወዝ ይጀምራል። አንድ ድራይቭ ላይ የተጻፈው በዚያው ድራይቭ ላይ መነበቡ ብዙም አያስገርም፤ ስሕተቱም አብሮ ይደጋገማል። የዲስኬት ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ደብረ ዘይት ላይ በአንድ አምራች ድራይቭ የተጻፈችው ጎንደር ላይ በሌላ አምራች ድራይቭ መነበብ አለባት። ያንን ያስቻለችው በማዕዘን ውስጥ የተደገፈች ዘንግ ናት። ማግኔቱም ሌላ ጥቅም ሰጠ፤ ዲስኩን ከላይ የሚጫን እጀታና መቆንጠጫ ስላላስፈለገ ድራይቩ ቀጠነ፣ ላፕቶፕ ውስጥም ገባ።

በዚያ ዘመን ተፎካካሪ አልጠፋም ነበር። ሂታቺና ማትሱሺታ የተባበሩበት ባለ 3 ኢንች ነበረች፤ አይቢኤም ራሱ በ1983 ባለ 4 ኢንች አውጥቶ የሚገዛው አጣ። የሶኒን ዲስኬት መንገድ ከጠረጉት አንዱ በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ነው፤ የዚያም ታሪክ ያስቃል። አፕል የራሱን ድራይቭ ሠርቶ ለሊሳ ኮምፒውተሩ ተጠቅሞበት ችግር በችግር ሆኖበታል። መሐንዲሶቹ የሶኒውን ሲፈልጉ ስቲቭ ጆብስ ሌላ አምራች መርጦ ከሶኒ ጋር መሥራቱን እንዲያቆሙ አዘዘ። እነሱ በምስጢር ቀጠሉ። ከማኪንቶሽ ሠሪዎች አንዱ የነበረው አንዲ ኸርትዝፌልድ እንደሚተርከው፣ ጆብስ ሳይታሰብ ሲመጣ ከጃፓን የመጣውን የሶኒ መሐንዲስ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ደብቀውታል። በኋላ የተመረጠው አምራች በጊዜው እንደማይደርስ ሲታወቅ፣ የተደበቀው ሥራ ማሽኑን አዳነው። በ1987 አይቢኤም ባለ 1.44 ሜጋ ባይቷን በፒኤስ/2 ኮምፒውተሮቹ ላይ ሲያደርግ ነገሩ አለቀለት።

ፊልሙ ራሱ ቡናማ ወይም ጥቁር ግራጫ ነው፤ በፖሊስተር ላይ የተቀባ የብረት ኦክሳይድ። ከቅባቱ ጋር ማለስለሻ ይደባለቃል፤ ምክንያቱም ሄዱ፣ በቴፕ ዘመን ሄድ እንደምንለው ያለው አንባቢ፣ እንደ ሃርድ ዲስክ ሄድ በአየር ላይ አይንሳፈፍም። በቀጥታ ይነካዋል፣ ከላይም ከታችም። በሰከንድ አምስት ጊዜ የሚዞር ነገር ሳይፋቅ ዓመታት እንዲኖር ቅባቱ ጠንካራ፣ ገጹ የተወለወለ፣ ሄዱም የለሰለሰ መሆን አለበት። ያም ሆኖ ሞተሩ ሥራ ሲያጣ ይቆማል፤ ፊልሙ ያለ ምክንያት አይለፋም።

ከግርጌዋ ጥግ ያለችውን ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ ደግሞ ልብ በሉ። በ5.25 ኢንቿ ላይ ጽሑፍ እንዳይጠፋ ለመከላከል ጠርዟ ላይ ተቆርጦ የወጣውን ክፍተት በተለጣፊ ወረቀት መሸፈን ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱ ይላላል፣ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ድራይቩ ውስጥ ይቀራል። እዚህ ግን ቁልፏ ከገላዋ ጋር ተሠርታለች፤ ልትጠፋ አትችልም። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ መጻፍ የለም። የተዘጋጀ ሶፍትዌር የሚሸጡት ኩባንያዎች ቁልፏን ጭራሽ ሳይገጥሙ ቀዳዳውን ባዶ ይተዉት ነበር። ይህን የሚከለክለው የድራይቩ ኤሌክትሮኒክስ እንጂ ፕሮግራም አይደለም፤ ስለዚህ ቫይረስ ሊያታልለው አይችልም። ዲስኬት ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት፣ ቫይረሱም አብሮ በሚዞርበት ዘመን፣ ያቺን ቁልፍ መግፋት ያስተማረን ሰው ባለውለታችን ነው።

በሌላኛው ጥግ ያለው ቀዳዳ የዲስኬቷን አቅም ለድራይቩ የሚናገር ነው። ብልጣ ብልጦች ባለ 720 ኪሎ ባይቷን ርካሽ ዲስኬት እየበሱ ባለ 1.44 አስመሰሏት። ድራይቩ አመናቸው፣ ጻፈላቸውም። ፊልሙ ግን ለዚያ ዓይነት ጥቅጥቅ ጽሑፍ የተቀባ አልነበረምና ከጊዜ በኋላ መረጃው ከዳቸው።

1.44 ስንል ደግሞ፣ ያቺ ቁጥር ራሷ የተዛባች ናት። ሁለት ገጽ፣ በገጽ 80 ትራክ፣ በትራክ 18 ሴክተር፣ በሴክተር 512 ባይት፤ ሲባዛ 1,474,560 ባይት ይመጣል። በሺህ ቢቆጥሩት 1.47 ሜጋ ባይት ነው፤ በ1,024 እያካፈሉ ቢቆጥሩት 1.41። 1.44ን ለማግኘት አንዱን እርከን በ1,024፣ ቀጣዩን በ1,000 ማካፈል ያስፈልጋል። ይህን ያህል ለመቶኛ ሚሊ ሜትር የተጨነቀ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ የሒሳብ ግድየለሽነት መለጠፉ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ስሟም እንደዚያው ነው፤ ውስጧ ያለው ዲስክ 86 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 3.5 ኢንች አይሞላም።

ከዚያ ውስጥ በዶስ ፎርማት ከተደረገች በኋላ ለፋይል የሚተርፈው 1,457,664 ባይት ነው። ዛሬ በዩኒኮድ የተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአንዲት ዲስኬት 480,000 ያህል ፊደል ይገባል። በአንድ ገጽ 1,500 ፊደል ብንይዝ ከ300 ገጽ ያላነሰ መጽሐፍ ነው። በ1990ዎቹ ግን ዩኒኮድ ለእኛ አልደረሰልንም ነበር፤ የኢትዮጵያ ፊደል የገባው በ1999 በወጣው በ3.0ኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ሥርዓት ይቆጥር ነበርና በፓወር ግዕዝ የተጻፈው ጽሑፍ ያለ ፎንቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው። ስለዚህ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይይዛል፤ ጽሑፉንና ፎንቱን። አንዳንዱ በአንዲት ዲስኬት፣ አንዳንዱ በሁለት። ዲስኬቷ ለአማርኛ ከወረቀት ምትክነት አልፋ የፊደሉ ራሱ ተሸካሚ ነበረች።

ኋላ ላይ ሥራው ወረደ። ብረቱ መዝጊያ በፕላስቲክ ተተካ፤ ዋጋው ሲወርድ ጥንቃቄውም አብሮ ወረደ። አሮጌ ዲስኬት በማንበብ የሚተዳደሩ ሰዎች ዘንድ የ1980ዎቹ ዲስኬት ከ2000ዎቹ ርካሽ ዲስኬት ይልቅ እንደሚታመን የታወቀ ነው፤ ስም ያላቸውን ኩባንያዎች የድሮ ዲስኬት አውጥቼ ከኋለኞቹ ጋር ስመዝን እኔም ልዩነቱን በእጄ አውቀዋለሁ። አፕል በ1998 አይማክን ያለ ፍሎፒ ድራይቭ አወጣ። ሶኒ ጃፓን ውስጥ መሸጡን በመጋቢት 2011 አቆመ። ያም ሆኖ ለመሞት አልቸኮሉም። የአሜሪካ የኑክሌር ኃይል ትእዛዝ ማስተላለፊያ ባለ 8 ኢንቿን እስከ 2019 ይጠቀም ነበር፤ ጃፓን ዲስኬት እንዲቀርብ የሚያስገድዱ ከአንድ ሺህ በላይ ደንቦቿን ሰርዛ የጨረሰችው በ2024 ነው።

ቤታችሁ በሳጥን የተቀመጡ ዲስኬቶች ካሉ፣ ተስፋ አትቁረጡ። ዛሬ ክራዮፍላክስና ግሪስዊዝል የሚባሉ ትናንሽ ሰሌዳዎች አሉ፤ ፋይሉን ለመተርጎም ሳይቸኩሉ ከፊልሙ ላይ የማግኔቱን መለዋወጥ እንዳለ ይቀዱታል፣ ትርጉሙን በኋላ ሶፍትዌር ይፈልገዋል። ተራ ድራይቭ እንቢ ያለው ሴክተር እንዲህ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ይገኛል። መዝጊያውን ግን በጣት እየከፈታችሁ ፊልሙን አትንኩ፣ ሻጋታ ያያችሁባትንም ሳትጸዳ ድራይቭ ውስጥ አትክተቱ፤ ሄዱን ታበላሽና ሄዱ ደግሞ ቀጣዮቹን ይጭራል። የአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ በመጀመሪያ ከሳጥኑ ውስጥ በእስክሪብቶ «ፎንት» ተብሎ የተጻፈባትን ፈልጉ።